የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የቤት ቻርጀር፣ የአሜሪካው ተመላሽ ገንዘብና የድሬዳዋ ሙቀት

ጥያቄ፦ ቨርጂኒያ የሚኖረው ወንድሜ ለቤቱ የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀር ሲያስገጥም የመብራት ድርጅቱ ከወጪው የተወሰነ እንደሚመልስለት ነግሮኛል። ሁለት ገዝቶ የእኔንም በዚያው አስመልሶ ክረምት ላይ ይዞልኝ ሊመጣ አስቧል። መኪናዬ ከቻይና የገባች ቢዋይዲ ናት። ይሆናል ወይ? እዚህስ መብራት ኃይል እንዲህ ያለ ነገር አለው? *(ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)*

መልስ፦ የእርስዎን ቻርጀር በወንድምዎ ስም ማስመለስ አይቻልም፤ ባይሞክሩት ይሻላል። የአሜሪካ መብራት ድርጅቶች ገንዘቡን የሚከፍሉት ቻርጀር ለገዛ ሰው ሳይሆን በደንበኛው አድራሻ ተገጥሞ ለሚሠራ ቻርጀር ነው። መኪና ሁሉ ማታ አንድ ሰዓት ላይ ተሰክቶ መስመሩን እንዳያስጨንቅ ስለሚፈልጉ፣ ብዙዎቹ ቻርጀሩ በዋይፋይ እንዲገናኝና ሰዓቱን እነሱ እንዲያስተካክሉት ውል ያስገባሉ። ድሬዳዋ የተሰቀለ ዕቃ ይህን ሊያሟላ አይችልም።

የወንድምዎ የራሱ ማመልከቻ ግን እንዳይወድቅበት ይህን ይንገሩት። ከመግዛቱ በፊት የድርጅቱን የተፈቀዱ ሞዴሎች ዝርዝር ይመልከት፤ አንዳንዱ ድርጅት ከመገጠሙ በፊት ፈቃድ ካልተጠየቀ አይከፍልም። ደረሰኙ ላይ የዕቃው ዋጋና የእጅ ዋጋ ተለያይተው ይጻፉ፤ «ቻርጀር ከነገጠማው» ብሎ በአንድ መስመር የተጠቃለለ ደረሰኝ ብዙ ጊዜ ውድቅ ይደረጋል። በደረሰኙ፣ በመብራት ሒሳቡና በመኪናው ሊብሬ ላይ ያለው ስም አንድ መሆን አለበት። ሒሳቡ በሚስቱ ስም ከሆነ እሷ ታመልክት። የሞዴልና የመለያ ቁጥሩን ፎቶ ቻርጀሩ ግድግዳ ላይ ከመሰቀሉ በፊት ያንሳ፤ ጽሑፉ ብዙ ጊዜ ከጀርባው ወይም ከሥሩ ስለሆነ ከተሰቀለ በኋላ አይታይም። የከተማው የገጠማ ፈቃድ ቅጂም ይጠየቃል።

ከመብራት ድርጅቱ ተመላሽ ሌላ የፌዴራል የግብር ቅናሽ አለ። የወጪው 30 በመቶ ሆኖ ለመኖሪያ ቤት ከ1,000 ዶላር አይበልጥም። በቅጽ 8911 ይጠየቃል፤ ቤቱ ሕጉ በሚፈቅደው ዝቅተኛ ገቢ ባለው ወይም ከተማ ባልሆነ አካባቢ መገኘት አለበት። ከሰኔ 23 ቀን 2018 ዓ.ም. (በእነሱ ጁን 30 ቀን 2026) በኋላ ሥራ የጀመረ ቻርጀር ግን አያገኘውም።

ወደ እኛ እንምጣ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ቻርጀር ላስገጠመ ደንበኛ ገንዘብ የሚመልስበት አሠራር የለውም። «አስመልስልሃለሁ» ብሎ ቅድሚያ የሚጠይቅዎት ሰው ካለ አይስጡት። መቆጠብ የሚችሉት በታሪፉ ላይ ነው። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ ሲጨምር እየተወደደ የሚሄድ ባለ እርከን ነው፤ የመጨረሻው እርከን ከ500 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህም ዋጋው ደረጃ በደረጃ እየተሻሻለ ነው። በወር 1,500 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው ለመኪናው 280 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። የቤትዎን ፍጆታ በዚያ ላይ ደምረው የት እርከን እንደሚያርፉ አስቀድመው ይዩት።

ለእርስዎ መኪና የአሜሪካ ቻርጀር ባይመጣ ደስ ይለናል። መኪናው ላይ የሚሰካው የአሜሪካ ጫፍ ለቻይና መኪና አይገጥምም። የአውሮፓውም ቢሆን እንደ ቻይናው ሰባት ቀዳዳ ይኑረው እንጂ አይገባም። አስማሚ ይሸጣል፤ ችግሩ ግን በዚያ አያልቅም። የአሜሪካ 240 ቮልት ከሁለት የ120 ቮልት ሽቦዎች የሚገኝ ሲሆን የእኛ 220 ከአንድ ፌዝ (ኃይል ከሚያመጣው ሽቦ) እና ከኒውትራል (ከመመለሻው ሽቦ) ነው። አንዳንዱ ቻርጀር ይህን ለይቶ «የመሬት መስመር ስህተት» ብሎ ይቆማል። ቻይና ሠራሽ፣ ጂቢ/ቲ የሚባለው የቻይና መኪኖች ጫፍ ያለው፣ ከ220 ቮልት 50 ኸርዝ ጋር የሚሠራ ይግዙ።

ጥያቄ፦ 7 ኪሎ ዋት ቻርጀር አስገጥሜ ቀን ላይ ስሰካ ግማሽ ሰዓት እንደሞላው ብሬከሩ ይወርዳል። ማታ ግን አይወርድም። ብሬከሩ 32 አምፔር ነው። ተበላሽቶ ይሆን? *(ከገንደ ቆሬ፣ ድሬዳዋ)*

መልስ፦ አልተበላሸም፤ ሙቀት ነው። 7 ኪሎ ዋት በ220 ቮልት 32 አምፔር ያህል ይስባል፤ ያውም ለሰዓታት ሳያቋርጥ። የብሬከር አቅም የሚለካው በ30 ዲግሪ ሙቀት ነው። ድሬዳዋ ላይ ፀሐይ የሚመታው የብረት ሳጥን ውስጥ ያለ ብሬከር ከዚያ እጅግ ስለሚሞቅ ከ32 በታች እያለ ይቆርጣል። ብሬከሩን ብቻ ወደ 40 መቀየር ግን አደገኛ ነው፤ ገመዱ ካልቻለው ብሬከሩ ሳይወርድ ገመዱ ይቃጠላል።

መጀመሪያ ሳጥኑን ወደ ጥላ ያዛውሩ። ከዚያ ገመዱን ይዩ። 6 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) መዳብ ለአጭር ርቀት ይበቃል። ከቆጣሪ እስከ መኪናው 30 ሜትር ከሆነ ግን በ32 አምፔር 7 ቮልት ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል። ፀሐይ ላይ ባለ ቱቦ የሚያልፍ ከሆነ ወይም ከ20 ሜትር ከበለጠ 10 ካሬ ያድርጉት፤ ያኔ 40 አምፔር ብሬከር ያለ ሥጋት ይገባል። ከምሰሶው የሚመጣው አሉሚኒየም ከመዳብ ጋር በእጅ ተጠምዝዞ ከተያያዘ መጋጠሚያው እየበሰበሰ ይግላል፤ ለሁለቱ የተሠራ ማያያዣ ያስገቡበት። ከተገጠመ ከሁለት ሳምንት በኋላም መብራቱን አጥፍቶ ብሎኖቹን ሁሉ ዳግም የሚያጠብቅ ባለሙያ ይጥሩ።

በእኛ አስተያየት ብዙ ሰው 32 አምፔር አያስፈልገውም። ቻርጀሩን ወደ 16 ዝቅ ያድርጉት፤ ሌሊት በስምንት ሰዓት 28 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይሞላል። ሐረር ደርሶ መመለስ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ የደንገጎን ዳገት ጨምሮ ለዚያ ይበቃል። ባለ አንድ ፌዝ ቆጣሪዎም ይተነፍሳል። የግድ 32 ካሉ፣ ምድጃና ውሃ ማሞቂያ አብረው ሲበሩ መስመሩ ስለማይችል የአቅም ማሳደጊያ ወይም የሦስት ፌዝ ማመልከቻ ያስገቡ። የውል ቁጥርዎን ይዘው አገልግሎት መስጫ ማዕከሉ ይሂዱ፤ ለጥያቄ 905 ይደውሉ።

ጥያቄ፦ ቻርጀሩ ቀይ እያበራ አልሠራ ሲል ኤሌክትሪሽያኑ ሶኬቱ ውስጥ አጭር ሽቦ ከኒውትራል ወደ ግራውንድ አገናኘ። አሁን ይሠራል። ችግር አለው? *(ከሐረር)*

መልስ፦ አለው፤ የሚገድል ችግር ነው። ቀዩ መብራት ቤትዎ የመሬት መስመር (ግራውንድ) እንደሌለው ሊነግርዎ ነበር የበራው፤ አሁን ዝም አሰኝታችሁታል። የኒውትራሉ ሽቦ ምሰሶው ላይ ወይም ቆጣሪው ጋ ቢበጠስ፣ በዚያች አጭር ሽቦ በኩል የመኪናው ቆርቆሮ በሙሉ 220 ቮልት ይይዛል። በር የከፈተ ልጅ መሬት ቆሞ ይነካዋል።

ሽቦዋ ዛሬውኑ ትውጣ። በምትኩ ቢያንስ 1.5 ሜትር የሆነ የመሬት ዘንግ ይቀበር፤ አፈሩ ደረቅና አሸዋማ ከሆነ አንድ ስለማይበቃ ሁለት ሦስት ዘንግ፣ በመካከላቸው ቢያንስ የአንዱን ዘንግ ርዝመት ያህል ተራርቀው ይያያዙ። ባለሙያው በመሬት መለኪያ ይለካው። በቮልት መለኪያ ብቻ «አለው» ቢልዎ አይቀበሉ፤ ጥሩ መሬት ባይኖርም ቮልት ሊያሳይ ይችላል። ከ10 ኦም በታች ከሆነ ጥሩ ነው። በተጨማሪ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚቆርጠውን ባለ 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ ለቻርጀሩ ብቻ ያስገጥሙ፤ ዓይነቱ «ኤ» ይሁን፣ ቻርጀሩም የ6 ሚሊ አምፔር የዲሲ (የቀጥታ ኤሌክትሪክ) ፍሳሽ መከላከያ እንዳለው ከመመሪያው ያረጋግጡ። ከሌለው ዓይነት «ቢ» ያስፈልጋል፤ ዋጋው ውድ ነው፣ ግን አይዝለሉት። ይህ ሁሉ ተሠርቶ እስኪለካ ድረስ መኪናውን ከዚያ ሶኬት አይሰኩ።