መልስ፦ የመኪና ሻጭ ድርጅት የሰርቪስ ክፍል የአይቲ አስተዳደር እንዴት ይገመገማል?

«የሰርቪስና የመለዋወጫ ክፍሉን በኮቢት 2019 ልገመግም ነው፤ 40ዎቹንም ዓላማዎች ልይ ወይ?» ላልከው፦ ኧረ በፍጹም ወንድሜ! ኮቢት የድርጅት አይቲ የሚመራበትና የሚገመገምበት ማዕቀፍ ነው፤ 40ዎቹን ዓላማዎቹን ሁሉ እነካለሁ ካልክ አንዱንም በቅጡ አታየውም።

መጀመሪያ ሥራውን እይ። አንድ መኪና ቀጠሮ ከተያዘለት ጀምሮ ሥራ ማዘዣ ተከፍቶለት፣ ዕቃ ወጥቶለት፣ ደረሰኝ እስኪቆረጥለት ተከተለው። ሲስተሙ ቢቆም ሥራው የቱ ጋ ይታነቃል? ብዙ ጊዜ መለዋወጫው ጋ ነው። ኮምፒውተሩ አለ የሚለው ዕቃ መደርደሪያው ላይ የለም። ይህን የሶፍትዌር ችግር ነው ብለህ አትለፈው። ዕቃ ሲወጣ ማን ይመዘግባል? ማን ያጸድቃል? ልዩነት ሲገኝ ማን ይጠየቃል? አስተዳደር የሚባለው እሱ ነው።

እኔ ብሆን ከኮቢት ዓላማዎች በዲኤስኤስ02 (DSS02) እጀምራለሁ፤ የአገልግሎት ጥያቄና የብልሽት አያያዝን ያያል። ዲኤስኤስ03 ደግሞ የሚደጋገመው ችግር ከሥሩ መፈታቱን ይመለከታል። ኤፒኦ10ን (APO10) እንዳትረሳ። ይህ የአቅራቢዎች ጉዳይ ነው። የዋስትና ጥያቄ የሚላክበት ሲስተም አብዛኛውን ጊዜ የአምራቹ ስለሆነ፣ ሲበላሽ ለማን እንደሚደወል መታወቅ አለበት።

በኮቢት አንድ ሥራ ምን ያህል በደንብ እንደሚከናወን የሚለካበት የአቅም ደረጃ ከ0 እስከ 5 ነው። ሁሉም 5 ይድረስ አትበል፤ ለየዓላማው የሚፈለገውን ደረጃ ከኃላፊዎቹ ጋር ቀድመህ ተስማማና ክፍተቱን ለካ።

መጠይቅ በትነህ ብቻ ግን ነጥብ አትስጥ። ኃላፊው «ሁሉም ይመዘገባል» ይልሃል። ያለፈውን ወር የብልሽት መዝገብ አሳየኝ በለው። መኪና የሚቀበሉት የሰርቪስ ሠራተኞች ሲስተሙ ውስጥ በአንድ ፓስዋርድ የሚገቡ ከሆነም ማን ምን እንደሠራ ማወቅ ስለማይቻል ዲኤስኤስ05ን፣ የደህንነቱን ማለቴ ነው፣ ጨምረው።