በሶ ለምታሽገው እህቴ፦ ኤምኦዩው ላይ ከመፈረምሽ በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ደብረ ብርሃን ላይ በሶ ታሽጊያለሽ፤ ተልባ የገባበት ቶሎ እየሸተተ አስቸግሮሻል፤ አንድ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ «አብረን እናጥና፣ ኤምኦዩ (የመግባቢያ ሰነድ) እንፈራረም» ብሎሻል። ምን ልጠንቀቅ ነው ያልሽው፤ ስለ ማሸጊያውም ጠይቀሻል። እኔ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነኝ። ሥራዬ ያንቺው ነው፣ ጣጣዬም ያንቺው ነበር። የዩኒቨርሲቲና የኢንዱስትሪ ትስስር ለአገር ይጠቅማል የሚለውን ወርክሾፕ ላይ ከነሻዩ ትሰሚዋለሽ፤ እኔ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

1. ኤምኦዩ ለፎቶና ለሪፖርት ነው። ሥራው የሚሠራው ከእሱ ሥር በሚፈረም የሥራ ውል ነው፦ ምን ይጠናል፣ ማን ይሠራዋል፣ ብሩ በየትኛው ደረጃ ይለቀቃል፣ ውጤቱ የማን ነው። ይኼ ሳይፈረም አንድ ኪሎ ናሙና እንዳትሰጪ።

2. «የጥናቱ ውጤት የሁለቱ ወገኖች የጋራ ንብረት ይሆናል» የምትል መስመር ፈልጊ። መጨረሻው ገጽ ላይ «ልዩ ልዩ» ከሚለው ሥር ታገኛታለሽ። እኔን ያቃጠለችኝ እሷ ናት። የፈጠራ አዋጁ፣ ቁጥር 123/1987፣ በውል ታዝዞ የተሠራ ፈጠራ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ የአዛዡ ነው ይላል። ዝም ቢባል ኖሮ ሕጉ ከእኔ ጋር ነበር፤ ተቃራኒ ስምምነት ሆና የተገኘችው ያቺ መስመር ናት።

ትውጣልኝ ብዬ የሕግ ክፍላቸው ድረስ ሄጃለሁ። (የእኔው ዩኒቨርሲቲ ከሸዋ ውጭ ነው፣ ቆላ፤ የደብረ ብርሃኑን ማለቴ አይደለም፤ ስሙ ይቅር።) ሰውዬው ቀና እንኳ ሳይል «ፎርማቱ ይኸው ነው፤ ለአንድ ወፍጮ ቤት ብለን አንቀይርም» አለኝ። ወፍጮ ቤት! ንግድ ፈቃዴ ላይ ምግብ ማቀነባበር ተብሎ ተጽፏል፣ ቆሎና በሶዬ አዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ይሸጣል፣ የማበጥረው ገብስ ከየመንደሩ ተመርጦ የሚመጣ ነው። እሱ እቴ፣ ማኅተሙን መታበት።

ከዚያ አንዲት የማስተርስ ተማሪ ተመደበችልኝ። ጎበዝ ልጅ ናት፣ ሥራዋንም በሚገባ ሠርታለች። የመመረቂያ ጽሑፏን ዲፌንስ እንድታደም ተጠርቼ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ግድግዳው ላይ አንድ ሠንጠረዥ መጣ፦ ገብሱ በመቶኛ፣ አጃው በመቶኛ፣ ተልባው በመቶኛ፣ የመቁያው ሙቀት በዲግሪ፣ ደቂቃው ሳይቀር። የእኔ በሶ ሙሉው ተዘርግቷል። አዳራሹ አጨበጨበ፣ እኔም ሳላውቀው አጨበጨብሁ። ልጅቷ ካላሳየች አትመረቅም፣ እሷ ላይ አልፈርድም። ጽሑፉ ግን ላይብረሪ ገባ፣ ኢንተርኔት ላይም ተለቀቀ፤ ብዙም ሳይቆይ አንድ አሻጊ ያንኑ ድብልቅ በራሱ ካርቶን ይዞ መጣ። የፈጠራ ፓተንት ልጠይቅ ብትይ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠየቀው አዲስነት ነው፤ አደባባይ የወጣን ነገር ይዘሽ መሟገት ጣጣው ብዙ ነው።

አሁን ከሌላ ግቢ ጋር እየሠራሁ ነው፣ ውሉን እኔ ነኝ አርቅቄ የሄድኩት። የመመረቂያ ጽሑፉ ላይ ድርሻው «ቀመር ሀ፣ ቀመር ለ» ተብሎ ይገባል፤ ትክክለኛው መጠን አባሪ ሆኖ እኔና አማካሪው ዘንድ ብቻ ይቀመጣል። ከመታተሙ በፊት አንድ ወር እኔ አየዋለሁ። ተማሪው ተመረቀ፣ መምህሩም ወረቀቱን አሳተመ፣ የከፋው ሰው የለም። እንዲህ ይቻል ነበር እንግዲህ!

3. በጀት። የእነሱ ዓመት ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ የእኛ ገብስ ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ ነው የሚታጨደው። ታኅሣሥ ላይ የላክሁት ናሙና ሦስት ፕሮፎርማ ተሰብስቦ ኬሚካል እስኪገዛ ኮሪደር ላይ ተቀመጠ። ግንቦት ላይ ሄጄ ጆንያውን ስነካው በስፌቱ በኩል ዱቄት ፈሰሰ፤ እጄን ብሰድ ፍሬው ቀፎ ብቻ ሆኗል፣ ነቀዙም ክንዴ ላይ ወጣ። መንዝ ብርዱ ስለሚይዘው ነቀዝ እምብዛም አያስቸግረንም፤ ቆላ ሲወርድ ግን በጥቂት ወር ይጨርሰዋል። የላብራቶሪው ሰው ታዲያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ናሙናችሁ ጥራት የለውም።» ሰኔ ላይ ደግሞ ያልተሠራበት ብር ተመላሽ ሆነ ተባልኩ፤ እኔ ያዋጣሁት ድርሻም አብሮ።

ስለዚህ ብር አታስገቢ። የሚያስፈልገውን ኬሚካል ራስሽ ገዝተሽ በዓይነት ስጪ፣ ንብረት ክፍሉ በሞዴል 19 (በንብረት ገቢ ደረሰኝ) ይረከብሽ፣ ኮፒውን ያዢ። ናሙናውንም ሙሉውን እዚያ አታስቀምጪ፤ ግማሹ አንቺ ዘንድ ይቅር።

ሌላም ነበረኝ፣ ግን ረዘመ። ማሸጊያውን በተመለከተ፦ ያ ውስጡን የሚያሳየው ፕላስቲክ ይቅርብሽ። የተልባ ዘይት የሚሸተው አየርና ብርሃን ሲያገኘው ነው፤ ውስጡ ፎይል ያለውን ከረጢት ውሰጂ። ተልባውን ቀድመሽ ፈጭተሽ አታሳድሪ፣ በሶውንም ሳይበርድ አታሽጊው፤ ላቡ ከረጢቱ ውስጥ ይቀርና ያጓጉለዋል። ፎይሉ ይወደዳል። እኔ ዋጋዬ ላይ ጨመርኩበት፣ ደንበኛም አልሸሸኝም።