ጥያቄና መልስ፦ የሰፈር መናፈሻ በሐይቁ ዳር

ጥያቄ፦ ሐዋሳ ሐይቅ አጠገብ ባለ ክፍት ቦታ ላይ መናፈሻና የእግር መንገድ ለመሥራት ከቀበሌያችን ጋር ተነጋግረናል። አምና የተከልነው ችግኝ ግማሹ ደረቀ፤ የደለደልነውንም መንገድ ጎርፍ በላው። ምን ትመክሩናላችሁ?
የሰፈር ኮሚቴ

መልስ፦ አካፋ ከማንሳታችሁ በፊት ቦታው በከተማው መዋቅራዊ ፕላን ለአረንጓዴ ልማት መከለሉን ከማዘጋጃ ቤቱ በጽሑፍ አረጋግጡ። በቃል የተፈቀደ ቦታ ነገ ለሌላ ሊሰጥ ይችላል፤ ድካማችሁ ያሳዝነናል።

መንገድ በጎርፍ የሚበላው ብዙውን ጊዜ ጎድጉዶ ስለሚሠራ ነው፤ ውሃው መውጫ ሲያጣ መንገዱን ራሱን ቦይ ያደርገዋል። ስፋቱ 2 ሜትር ይሁን። 15 ሴንቲ ሜትር ገረጋንቲ በሁለት ዙር እያረጠባችሁ ጠቅጥቁ። ወደ ቁልቁለቱ ጎን በየሜትሩ 2 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፤ በዳገቱ በኩል ደግሞ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ቁፈሩ።

ሐይቁ መፍሰሻ ወንዝ የለውም፤ ዝናብ በበዛባቸው ዓመታት ውሃው ወደ ዳር ይገፋል። ወንበሩንና መጸዳጃ ቤቱን ከፍ ወዳለው ቦታ ውሰዱ። ቄጤማውን ለእይታ ብላችሁ አትጨዱት፤ ደለል ያስቀራል፣ ዓሣም ይራባበታል።

ችግኙን በተመለከተ፣ ጉድጓዱን በ40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀትና ስፋት ከክረምቱ በፊት አዘጋጁ፤ ሐምሌ ላይ ትከሉ። ፕላስቲኩን ሙሉ በሙሉ አውጡ፣ የተጠቀለለውን ሥር ቁረጡ። ዋርካ ሥሩ መንገድ ስለሚፈነቅል ቢያንስ 10 ሜትር ይራቅ። ዋናው ግን የበጋው ውሃ ነው፦ ለአንድ ችግኝ በሳምንት 20 ሊትር፣ ለ100 ችግኝ ባለ 200 ሊትር 10 በርሜል። የምትተክሉትን ቁጥር በዚህ ልክ ወስኑ።