«በጣም ማራኪ ነኝ» ያልሽበት ቃለ መጠይቅ

ውድ እህቴ፣ ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል ለሪሴፕሽን ሥራ ቀርበሽ «አይ አም ቬሪ ኢንተረስቲንግ ኢን ዚስ ጆብ» ስትዪ ጠያቂዎቹ ፈገግ አሉ። ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባሽም። አሁን ለሌላ ሆቴል ያዘጋጀሽውን ማመልከቻም አይቼዋለሁ።

ኢንተረስቲንግ ማለት ሌላውን የሚስብ ማለት ነው። ያልሽው እንግዲህ «እኔ በጣም ማራኪ ነኝ» ነው። (በራስ መተማመኑስ አልጎደለሽም!) ሥራው የሳበሽ አንቺን ስለሆነ ኢንተረስትድ ነበር ማለት የነበረብሽ።

ይህን መሸምደድ አያስፈልግሽም፤ አማርኛው ውስጥ አለልሽ። ዜጌ ደርሰው የመጡ እንግዶችን አስቢ። ከጀልባ ወርደው፣ በቡናው ጥላ ሥር እስከ ኡራ ኪዳነ ምሕረት በእግራቸው ወጥተዋል። ማታ ሆቴል ሲገቡ «መንገዱ አድካሚ ነው፣ ደክሞናል» ይላሉ። አድካሚው መንገድ ታየሪንግ ነው፣ የደከማቸው እንግዶች ታየርድ ናቸው። «ኮንፊዩዝ አደረገኝ» እንል የለ? ግራ ያጋባሽ ነገር ኮንፊዩዚንግ፣ ግራ የተጋባሽው አንቺ ኮንፊዩዝድ። ከመጻፍሽ በፊት በአማርኛ ሞክሪው። አድካሚ፣ አሰልቺ፣ አስገራሚ ካልሽ መጨረሻው «ኢንግ» ነው። ደከመኝ፣ ሰለቸኝ፣ ገረመኝ ከሆነ «ኢ» እና «ዲ» ይገባሉ።

ወደ ማመልከቻሽ ልምጣ። «ማኒ ኤክስፒሪየንስስ» ብለሻል። ኤክስፒሪየንስ የሥራ ልምድ ሲሆን አይቆጠርም፣ ኤስ አይጨመርበትም። ኤስ ሲገባበት ገጠመኝ ይሆናል። ቀጣሪው ጣና ላይ ጉማሬ ጀልባሽን ያባረረበትን ቀን ልታጫውቺው ይመስለዋል። የሁለት ዓመት ልምድሽን «ቱ ይርስ ኦቭ ኤክስፒሪየንስ» በዪው። ኤክስፒሪየንስድ ግን ቅጽል ነው፣ ልምድ ያላት እንደማለት፤ «አን ኤክስፒሪየንስድ ሪሴፕሽኒስት» ያስኬዳል።

አድቫይስ ስም ነው፣ ምክር። አድቫይዝ ግስ ነው፣ መምከር። በእኛ ፊደል «ስ» እና «ዝ» ይለዩዋቸዋል፤ በእንግሊዝኛው ስሙ በሲ፣ ግሱ በኤስ ይጻፋል። አንቺ ሁለቱንም በኤስ ጽፈሻቸዋል።

የድሮ መሥሪያ ቤትሽን ደግሞ «ማይ ፎርመር ኢምፕሎዪ» ብለሽዋል። ኢምፕሎዪዋ አንቺ ነበርሽ፤ ያሠራሽ ኢምፕሎየር ነው።

አስተካክለሽ መልሰሽ ላኪልኝ። ማናጀሯ ሴት ናት ብለሽኝ የለ? «ዲር ሰር» የሚለውንም እግረ መንገድሽን አንሺው።