ድንኳኑ ሳይተከል እንድረስ፦ በእድራችን ስብሰባ ላይ የተነሡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ባለፈው እሑድ በእድራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ሰብሳቢያችን አንድ ሰዓት ሰጡኝ። የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው፤ ሥራዬ የአእምሮ ሕክምና ነርስነት ነው። ስለ ቤተሰብና ስለ አእምሮ ጤና ማንም ያሻውን እንዲጠይቅ ተነገረ። እጁን የሚያወጣ ጠፋ። እንዲህ እንደሚሆን ስለገመትኩ ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ይዤ ሄጄ ነበር። ብጣሽ ወረቀት አደልን፤ መጻፍ ለማይችሉት አንዲት ተማሪ ጥግ ይዛ ጻፈችላቸው። ጣሳው ዞሮ ሲመለስ ክዳኑ አልገጥም አለ።

በአንድ ሰዓት የማይዘለቅ ስለሆነ እዚያ የመለስኩትንም ያልደረስኩበትንም እዚህ ጻፍኩት። ስም የለበትም።

ባለቤቴ ከወለደች 3 ወሯ ነው። ታለቅሳለች። ልጁ ሲያለቅስ ዝም ብላ ታየዋለች። እናቴ ምች ነው ትላለች። ምን ላድርግ?

ወንድሜ፣ እንኳን ጠየቅህ። ከወሊድ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሆድ መባስና እንባ መቅደም ብዙ እናቶች ላይ ይታያል። አብዛኛውን ጊዜ በ2 ሳምንት ውስጥ ይለቃል። 3 ወር ከዘለቀ ግን ድባቴ (ዲፕሬሽን) ሊሆን ይችላል። ድባቴ በሽታ ነው። ስንፍና አይደለም፣ ልጇን ጠልታም አይደለም። በምክርም በመድኃኒትም ይታከማል። ለምታጠባ እናት የሚስማሙ መድኃኒቶች ስላሉ ጡት እንደምታጠባ መናገር እንዳትረሱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። እኛ ዘንድ አራስ ብቻዋን አትተውም። ገንፎው ይገነፋል፣ አጥሚቱ ይቀርባል፣ ሰው ከጎኗ አይጠፋም። ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ክርስትና ይነሣል። ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። እናትየዋ ሌሊት የማይተኛ ልጅ ታቅፋ ብቻዋን ትቀራለች። እኔ ብዙዎቹን የማገኛቸው ያን ጊዜ ነው። አንዷ ስትመጣ ልጇ ታጥቦ፣ ቅቤ ተቀብቶ፣ ያምራል። የእሷ ሹሩባ ግን ሳትወልድ የተሠራ ነው፤ ግማሹ ተፈቷል፣ ግማሹ ተጣብቋል። «ምን ላድርግልሽ?» ብላት «አንድ ሌሊት ብቻ ልተኛ» አለችኝ።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ልጁን አንተ ያዝላት። እናትህም በምች አትከራከር፤ ቀን ቀን መጥተው እንዲያግዟት ለምናቸው። በዚህ ሳምንት ደግሞ ጤና ጣቢያ ውሰዳት። ጭራሽ እንቅልፍ ካጣች፣ የማይሰማ ድምፅ ከሰማች፣ ወይም «ልጁ የእኔ አይደለም» ማለት ከጀመረች ግን ሳምንት አይጠበቅም። የዚያኑ ቀን ሆስፒታል ውሰዳት። እስከዚያው ከልጁ ጋር ብቻዋን አትተዋት።

ልጄ ጸበል እየተጠመቀ ነው። ሐኪም ክኒን አዞለታል። ክኒን ከዋጠ ጸበሉ አይሠራለትም አሉኝ። የቱን ልተው?

እማማ፣ አንዱንም አይተዉ። ከወረቀቶቹ ሁሉ ይህ ጥያቄ በዛ፤ አምስት ሰው ነው የጻፈው።

ጎንደር የጸበል አገር ናት። ጸበል ሰውን ያጽናናል፣ ተስፋ ይሰጣል፣ ቤተሰቡን አንድ ላይ ያቆማል። እኔም ራሴ እጠመቃለሁ። በአዲስ ዓለም ሰፈር ያሉ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ለፈውስ ቁርኣን (ሩቂያ) ሲያስቀሩም እንደዚሁ ነው። ችግሩ ጸበሉ አይደለም፤ ክኒኑ ሲቋረጥ ነው። ድምፅ የሚሰማበት፣ ሰው ሁሉ ጠላቱ የሚመስለው ልጅ መድኃኒቱን በድንገት ካቆመ ሕመሙ ያገረሽበታል። ወዲያውም ላይሆን ይችላል። ለተወሰነ ጊዜ ደህና ስለሚመስል «ይኸው ያለ ክኒን ተሻለው» ይባላል። ከዚያ ይወድቃል፤ ሁለተኛው መውደቅ ደግሞ ከመጀመሪያው ሊብስ ይችላል።

አንዲት እናት አውቃለሁ። ክኒኑን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ጸበል ትሄዳለች። ልጇ ተጠምቆ ሲወጣ ቋጠሮውን ፈትታ፣ በያዘችው እንጀራ አስቀምሳ ታውጠዋለች። መጀመሪያ ትደበቅ ነበር። በኋላ ለንስሐ አባቷ ነገረቻቸው። «መድኃኒትን የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፤ ምን ያስደብቅሻል?» አሏት። እርስዎም ንስሐ አባትዎን ያናግሩ፤ ይችሉ እንደሆነ ልጁን የሚያክመው ባለሙያ ዘንድ ይዘዋቸው ይምጡ። ጾም ከሆነ ደግሞ የክኒኑ ሰዓት እንዲስተካከልለት ይጠይቁ፤ ሰዓቱ ይቀየራል እንጂ መድኃኒቱ አይቀርም።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ እናገራለሁ። በሰንሰለት አይታሰር። የታሰረ ልጅ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ልቡም ይቆስላል። ከቁጥጥር ወጥቶ ራሱን ወይም ሰውን ሊጎዳ ነው ብለው ከፈሩ ሆስፒታል አምጡት፤ የሚያረጋጋ መርፌ አለ።

እድራችን የተቋቋመው ለቀብር ነው። ገንዘቡ ለምን ሌላ ነገር ላይ ይውላል?

ጋሼ፣ ትክክል ነዎት፤ መተዳደሪያ ደንባችን እንደዚያ ይላል። ደንቡን መቀየር የሚችለው ጠቅላላ ጉባኤው ብቻ ነው። እኔ ግን ከካዝናው ብር አልጠየቅሁም። የጠየቅሁት የተቸገረ አባል ቤት በተራ እየሄድን እንድንጠይቅ ነው።

ሰው ሲሞት ምን እንደምናደርግ ይዩ። ጥሩምባው ይነፋል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንዱ ወንበር ይደረድራል፣ ሴቶቹ ንፍሮ ይቀቅላሉ። ማን ምን እንደሚሠራ ለመጠየቅ ማንም አፉን አይከፍትም። ይህ ትልቅ ችሎታ ነው። ታዲያ አባላችን 6 ወር ከቤት ሳይወጣ ሲቀር ማነው በሩን የሚያንኳኳው? ተራ አውጥተን፣ ሁለት ሁለት ሆነን፣ በሳምንት አንድ ቤት እንሂድ ነው የምለው።

ይህ ባዶ ምኞት እንዳይመስልዎ። ዚምባብዌ ውስጥ ዲክሰን ቺባንዳ የሚባሉ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 ሐራሬ፣ ምባሬ በተባለ ሰፈር 14 አያቶችን አሠልጥነው ከጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጧቸው። የተጨነቀ ሰው መጥቶ ከአያቶቹ ጎን ይቀመጣል። እነሱ ያዳምጡታል፣ ከችግሮቹ አንዱን መርጦ መፍትሔ እንዲፈልግለት ያግዙታል። በሌላ ቀን ተመልሶ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት እነዚህ ሰዎች የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ እንደተሻላቸው አሳይቷል። እነሱ ሕመሙን «ኩፉንጊሲሳ» ይሉታል፤ ማሰብ ማብዛት ማለት ነው። እኛስ «ሐሳብ ገደለኝ» እንል የለ?

ጎንደርም ለዚህ ነገር አዲስ አይደለችም። የዛሬው ዩኒቨርሲቲያችን እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን አንድ ላይ እያሠለጠነ በቡድን ነበር የሚያሰማራው። ጤና በአንድ ሐኪም ብቻ እንደማይሸፈን ያኔም ይታወቅ ነበር።

የት ነው የሚኬደው? ገንዘብ ከሌለንስ?

መጀመሪያ ሰፈራችሁ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም ጤና ጣቢያውን። ከበድ ያለ ከሆነ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ሪፈር ይጽፋሉ፤ እዚያ የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ከሆናችሁ መታወቂያውንና የሪፈር ወረቀቱን ያዙ። ሪፈር ሳይዙ በቀጥታ ሄደው ከኪሳቸው የከፈሉ ብዙ አይቻለሁ። መታወቂያው መታደሱንም አሁኑኑ እዩት፤ ሰው ከታመመ በኋላ መሯሯጥ ይከብዳል።

ባሌ አረቄ ሲጠጣ ይመታኛል። ሽማግሌ ሁለት ጊዜ አስታርቆናል።

እህቴ፣ ወረቀትሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ሽማግሌዎቻችንን አከብራለሁ፤ ለብዙ ትዳር ደርሰዋል። ዱላ ባለበት ቤት ግን መጀመሪያ የሚታሰበው የአንቺና የልጆቹ ደኅንነት ነው፤ እርቅ ከዚያ በኋላ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የትዳር ጓደኛን መምታት ወንጀል መሆኑን በግልጽ ደንግጓል። ፖሊስ ዘንድ የመሄድ መብት አለሽ፤ የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ የሚይዘው የመንግሥት ቢሮም ያማክርሻል። ከተመታሽ ጤና ጣቢያ ታይተሽ ጉዳትሽ በጽሑፍ እንዲሰፍር አድርጊ። ማታ ሰክሮ ሲመጣ የምትሄጂበትን ቤት ከአሁኑ ወስኚ። መታወቂያሽን፣ የልጆቹን ካርድና ትንሽ ብር አንድ የምታምኛት ሴት ዘንድ አስቀምጪ።

እሱም ሕክምና ያስፈልገዋል። ግን «ከዛሬ ጀምሮ ትቻለሁ» ብሎ ብቻውን አያቁም። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም ሊንቀጠቀጥ፣ ሊቃዥ፣ አልፎም ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። በሐኪም ክትትል ነው የሚቆመው።

ልጄ 7 ዓመቷ ነው። ተኩስ ከሰማች ወዲህ አልጋ ላይ ትሸናለች፣ ከእኔ አትለይም።

ይህን የጻፉት እናት ብቻቸውን አይደሉም፤ ከተማችን ብዙ ሰምታለች። ልጅ ሲደነግጥ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ትልቋ ልጅ እንደ ሕፃን ትሆናለች። አትቆጧት፣ በእኅት ወንድሞቿ ፊትም አታንሡባት። አንሶላውን ቀይራችሁ «ይደርቃል» በሏት። የእራት ሰዓቷ፣ የመኝታ ሰዓቷ አይዛነፍ። ወሬውን እሷ ባለችበት አታውሩ፣ ስልክ ላይም አታሳይዋት። ተኩስ ተኩስ ብትጫወት አትከልክሏት፤ የደረሰባትን የምትናገረው በጨዋታ ነው። ከአንድ ወር በላይ ከቆየ፣ መብላት ወይም ማውራት ካቆመች ደግሞ ይዛችኋት ኑ።

ልጄን የሚጥል በሽታ ሲጥለው ክብሪት እናስሸትተዋለን። ይጎዳዋል?

አይጠቅመውም፤ ሊያቃጥለውም ይችላል። በጎኑ አስተኙት፣ ከእሳትና ከድንጋይ አርቁት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ሆስፒታል። ደግሞ በሽታው አይተላለፍም፤ ለሐጩን ፈርታችሁ አትሽሹት። በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት አለው፤ ብዙዎቹ በመድኃኒቱ መውደቁ ይቆምላቸዋል።

ጎረቤቴ «ብሞት ይሻላል» ይላል። ብጠይቀው ነገሩን ማስታወስ አይሆንብኝም?

አይሆንም። በግልጽ ይጠይቁት፦ «ራስህን ለመግደል አስበሃል?» መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ብዙውን ጊዜ ያቀልለታል። አዎ ካለ ብቻውን አይተዉት። ቤቱ ያለውን የተባይ መድኃኒት፣ መሣሪያ ካለም እሱን፣ ለዘመድ ሰጥተው ከቤት ያስወጡ። የዚያኑ ቀን አብረውት ወደ ሕክምና ይሂዱ። «ለማንም አትንገር» ቢልዎ ይህን ቃል አይግቡለት።

ጥየቃ ስሄድ ምን ልበል? ቃል ያጥረኛል።

ይህ የመጨረሻዋ ወረቀት ነበረች፤ በጣም ወደድኳት። ብዙ ቃል አያስፈልግም። «አይዞህ፣ በርታ፣ ቻለው» የምንለው በፍቅር ነው፤ ለተጨነቀ ሰው ግን «ዝም በል» እንደማለት ይሆንበታል። «ከአንተ የባሰ አለ» የምትለዋንም ተዉአት። ይልቅ ቡናውን እርስዎ ይቁሉ። እሱ እንዲያወራ አያጣድፉት። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሲኒ ላይ ራሱ ይጀምራል። ያኔ ስልክዎን ያስቀምጡና ያዳምጡ። «እንቅልፍ ትተኛለህ? ትበላለህ?» ብለው ይጠይቁ። የሰሙትን ለሌላ እንዳይናገሩ፤ አንድ ወሬ ከወጣ ሁለተኛ በር አይከፈትልንም። ሲወጡ ደግሞ የሚመለሱበትን ቀን ይንገሩት። «ሐሙስ ከሰዓት እመጣለሁ» ካሉ ሐሙስ ከሰዓት ይምጡ። ሊጠብቅዎ ይችላል።