«አንቲባዮቲክ ለተቀባ» የጥርስ ኢምፕላንት (መንጋጋ አጥንት ውስጥ ለሚተከል የብረት ሥር) ልክፈል ወይ ላልሽው እህቴ

«ክሊኒኩ አጥንቱን ቶሎ ያበቅላል፣ ተጨማሪ ክፈይ አሉኝ» ብለሻል። እኔ ከፍዬ የተበላሁ ሰው ነኝና ሳትከፍዪ አንብቢኝ።

1. የመድኃኒቱን ስም ጠይቂ። «ልዩ ነው» ማለት መልስ አይደለም። ለምሳሌ ቴትራሳይክሊንና ዶክሲሳይክሊን የሚባሉት አንቲባዮቲኮች ከአጥንት ካልሲየም ጋር ይጣበቃሉ። የሕፃናትን ጥርስ የሚያበልዙትም ለዚሁ ነው። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ ባክቴሪያ ብረቱ ላይ ሳይሰፍር አጥንቱ ቀድሞ እንዲይዘው ነው። አውሮፓ ውስጥ ለቅልጥም ስብራት ጄንታማይሲን የሚባል አንቲባዮቲክ የተቀባ ብረት ይጠቀማሉ። የጥርሱ ግን አብዛኛው ገና በላብራቶሪና በእንስሳት ላይ የሚሞከር ነው። ይህን ያወቅሁት ብሬ ከሄደ በኋላ ነው።

2. የኢምፕላንቱን ሣጥን ስቲከር (አምራቹና የምርት ቁጥሩ የተጻፈበትን) ሳትቀበዪ እንዳትወጪ። እኔን የጎዳኝ ይሄ ነው። የታችኛው መንጋጋዬ ላይ ገጠሙልኝ፤ ያንቺም እዚያው ሳይሆን አይቀርም። በ7ኛው ሳምንት ጠዋት በምላሴ ስነካው ነቅነቅ አለ። ሮጬ ሄድኩ። ሪሴፕሽኗ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ «አባባ፣ ካርዱ ላይ ኢምፕላንት ብቻ ነው የሚለው» አለችኝ። ደረሰኙ «የጥርስ ሕክምና» ይላል። ማን እንዳመረተው፣ የምርት ቁጥሩ፣ ምን እንደተቀባ፣ አንዱም የለም። ሁለት ሰዓት አስቀምጠውኝ «ዶክተሩ ወጥተዋል» አሉኝ። ያን ቀን እንደዚያ የተናደድኩበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

3. ስኳርሽን ተለኪ። ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ብረቱን ሲያወጣልኝ ዙሪያውን የከበበው ለስላሳ ሥጋ ነበር፤ አጥንት ጨርሶ አልያዘውም። ቀጥሎ የጠየቀኝ ስለ ስኳሬ ነው። የ3 ወር አማካዩ (HbA1c የሚሉት) 9.2 በመቶ፣ ከፍተኛ ሆኖ ተገኘ። የፊተኞቹ አልጠየቁኝም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። ጥፋቴን አልደብቅም። ግን ያን ሁሉ ብር ለቅባት ሲቀበሉ አንድ የደም ምርመራ ማዘዝ ምን ይከብዳቸው ነበር?

ሐኪሙ ያለኝን ልንገርሽ። ብሬነማርክ የሚባለው ስዊድናዊ እ.ኤ.አ. በ1965 ለመጀመሪያው ታካሚ የጥርስ ኢምፕላንት ሲገጥም የተጠቀመው ቲታኒየም የሚባል ብረት ምንም መድኃኒት አልተቀባም። ቲታኒየሙን አጥንት ራሱ ይይዘዋል፤ አፍሽ ንጹሕ፣ ስኳርሽ የተስተካከለ ይሁን እንጂ። ሲጋራም ካለ ይቁም። እኔ ስኳሬን 6.8 ለማድረስ ስድስት ወር ፈጀብኝ፤ እንጀራዬን ቀንሼ፣ ጠዋት ጠዋት እየተራመድኩ። ከዚያ መድኃኒት ያልተቀባ፣ ላዩ ሸካራ የሆነ ቲታኒየም ገጠመልኝ። ሊገጥምልኝ አንድ ሰዓት ሲቀረው 2 ግራም አሞክሲሲሊን የሚባል አንቲባዮቲክ አስዋጠኝ። አራት ወር ጠበቅሁ። አሁን በዚያ ጥርስ ቆሎ እቆረጥማለሁ።

የሁለተኛው ስቲከር ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ምን ብለሽ እንደምትጠይቂያቸው እንድታዪው ፎቶውን በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ።