ስለ ሚኒሶታ መንገድ ደህንነት የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ሰላም ቤተሰብ፣ እዚህ አሜሪካ ሚኒሶታ ስቴት ብዙ አመት ስለነዳሁና ነገሩንም በቅርብ ስለምከታተለው የምችለውን ልመልስ።

ጥያቄ፦ ይሄ «ቱዋርድ ዜሮ ዴዝስ» የሚሉት ምንድነው? የፖሊስ ነው?

«ወደ ዜሮ ሞት» ማለት ነው፣ መንገድ ላይ ሰው ጭራሽ እንዳይሞት የሚሰራ ፕሮግራም ነው፣ የፖሊስ ብቻ አይደለም። በ2003 የተጀመረ ነው (ሁሉንም አመት በፈረንጅ ነው የምጠራው)። የስቴቱ የትራንስፖርት፣ የህዝብ ደህንነትና የጤና መስሪያ ቤቶች አንድ ላይ ሆነው የሚሰሩበት ነው፣ መንገድ የሚሰራው ኢንጂነር፣ ቲኬት የሚሰጠው ፖሊስ፣ አስተማሪው፣ አምቡላንሱ ሁሉም በየፊናው ከሚሮጥ ተቀምጠው ይመካከሩ ነው ነገሩ።

ጥያቄ፦ ለውጥ አለው ግን?

አለው። በ2003 ስቴቱ ውስጥ በመኪና አደጋ 655 ሰው ሞተ፣ በ2019 ወደ 364 ወረደ። በኮቪድ ጊዜ መንገዱ ጭር ሲል ሰው ስፒድ አበዛና 2021 ላይ 488 ገባ፣ ይሄ በጣም ነው ያሳዘነኝ።

ጥያቄ፦ የትራፊክ መብራት እያነሱ አደባባይ የሚሰሩት ለምንድነው? ያዘገየናል እኮ

ወንድሜ ማዘግየቱ ነው ጥቅሙ! መብራት ጥሶ የመጣ መኪና በሙሉ ስፒድ በርህ ላይ ነው የሚገባው፣ በጎን በኩል ደሞ አንተን የሚከልል ብረት ትንሽ ነው። አደባባይ ላይ ሁሉም ቀስ ብሎ ስለሚገባ ቢጋጭም ብዙ ጊዜ ቆርቆሮ ነው የሚጎዳው። ሃይዌይ መሀል የተዘረጋው የብረት ገመድም እንደዛው ነው፣ እንቅልፍ የወሰደው ሹፌር ተሻግሮ ፊት ለፊት እንዳይመጣብህ ይይዘዋል። ሰው መሳሳቱ አይቀርም፣ መንገዱ ግን ስህተቱን ይቻለው ነው ሀሳቡ።

ጥያቄ፦ ኡበር ነው የምሰራው፣ ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ስልክ ብይዝስ?

አይቻልም። ከኦገስት 2019 ጀምሮ ስልክ በእጅ መያዝ ክልክል ነው፣ መብራት ላይ ብትቆምም ትራፊክ ውስጥ ነህ። መጀመሪያ 100 ዶላር ወይ ከዛ በላይ፣ ሁለተኛ 300 ወይ ከዛ በላይ፣ የፍርድ ቤት ክፍያው ተጨምሮ። መያዣ ላይ ስካውና በድምፅ እዘዘው፣ አድራሻውን ሳትነሳ በፊት አስገባ።

ጥያቄ፦ ልጄ 3 አመቷ ነው፣ ካርሲት (የመኪና የልጅ ወንበር) አልፈልግም ብላ ታለቅሳለች፣ ለቅርብ መንገድ ብንተወውስ?

እህቴ በፍፁም። ከቤተክርስቲያን ስንወጣ «ቅርብ ነው» ብለን ህፃን ታቅፈን የምንነዳውን ሳይ ልቤ ይቆረጣል፣ ሲጋጭ እኮ የማንም ክንድ ልጅ አይዝም። ከ2024 ኦገስት ጀምሮ ህጉ ቢያንስ እስከ 2 አመት ፊቷ ወደኋላ ነው ይላል፣ ቡስተር (ልጁን ከፍ አድርጎ በመኪናው ቀበቶ የሚያሳስረው መቀመጫ) ከ4 በፊት የለም፣ ቀበቶ ብቻ ደግሞ 9 ሲሞላት ወይ ቡስተሩ ሲጠባት ነው። ስለዚ ያንቺዋ ገና ባለማሰሪያው ወንበር ላይ ናት፣ ታልቅስ። በትክክል መታሰሩን በነፃ የሚያዩልሽ የሰለጠኑ ሰዎች ስላሉ ካውንቲሽ (የአካባቢሽ አስተዳደር) ደውለሽ ቀጠሮ ያዢ።